ቢግ ሬድን ለማየት በራቭ ፎር ይኬዳል ወይ? የአንድ ረጅም ክር ትረካ

ሜልበርን ላይ ክረምቱ ሊገባ ሲል ይቺ ጥያቄ የኢንተርኔት መድረካችን ላይ ብቅ ማለቷ አይቀርም። የመጨረሻው ክር ግን (ጥያቄው ከነምላሾቹ ማለቴ ነው) ልክ አጣ። አዲስ የሚገባ ሰው ያንን ሁሉ ሲያንሸራትት ከሚውል ብዬ፣ ምላሾቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አንደበት እተርካቸዋለሁ። አወያይ ስለሆንኩ ገለልተኛ መሆን ነበረብኝ። አልሆንኩም።

የመነሻ ጽሑፍ

ጠያቂው በሜልበርን ምዕራብ የሚኖር የሦስት ልጆች አባት ነው። በጁላይ የትምህርት ቤት እረፍት ቤተሰቡን ጭኖ ወደ በርድስቪል ሊወጣ አስቧል። በርድስቪል በኩዊንስላንድ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ያለች፣ ነዋሪዋ ከመቶ ብዙም የማይበልጥ የበረሃ ከተማ ናት። ከእሷ በስተምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ላይ ቢግ ሬድ የሚባለው ቀይ የአሸዋ ኮረብታ አለ። በምሥራቅ በኩል ለሚመጣ ሰው የሲምፕሰን በረሃ ደጃፍ እሱ ነው።

መኪናው ራቭ ፎር ናት። ከጎንደር ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡት እናቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ሰባን ተሻግረዋል። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ። መኪናዋ ታደርሰናለች ወይ? ለእናቴስ አይከብዳቸውም ወይ? ደግሞ እዚያ ከደረስን አይቀር፣ በመጣንበት ከምንመለስ እግረ መንገዳችንን በረሃውን አቋርጠን በምዕራቡ ጫፍ ባለው በዳልሁዚ ፍልውኃ በኩል ብንወጣስ? ማንም ሳይጠይቀው ደግሞ ደናክልን ያፈራ ሕዝብ የፈረንጅ አገር አሸዋ አያስፈራውም ብሎ ደመደመ። ለጠቡ ግማሽ ተጠያቂዋ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ሌላው ግማሽ የመጣው ከሦስተኛው ጥያቄ ነው።

ምላሽ 1

መጀመሪያ የገባችው አደላይድ የምትሠራ ነርስ ናት። እንኳን እማማ በሰላም መጡ ብላ ጀመረች። ከዚያ ወደ ሒሳቡ ገባች። ከሜልበርን አደላይድ ወደ 725 ኪሎ ሜትር፣ ከአደላይድ ማሪ ወደ 680፣ ከማሪ በርድስቪል ደግሞ 517። ሲደመር ከ1,900 በላይ ነው፤ ያውም መሄጃው ብቻ። የመጨረሻው 517 ኪሎ ሜትር ፒስታ ነው። መሐሉ ላይ ነዳጅ የሚገኘው ሙንገራኒ የምትባል አንዲት የመንገድ ዳር ሆቴል ጋ ነው። እዚያ ስትደርሱ ታንኩ ግማሽ ነው ብላችሁ እንዳታልፉ ብላ አሳሰበች። ማታ መንዳትንም ፈጽሞ ከለከለች። ካንጋሮው ብቻ ሳይሆን አጥር የሌለው የከብት እርባታ ስለሆነ በሬ መሐል መንገድ ላይ ተኝቶ ይገኛል። ጨዋ ምላሽ ነበር። ሁሉም እንደሷ ቢሆን እኔ ይህን ባልጻፍኩ።

ምላሽ 2

ሰንሻይን አካባቢ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ጥያቄውን ለሁለት ከፈለው፤ እኔም እስከ ዛሬ በዚህ አከፋፈል ነው የምምለው። ቢግ ሬድን ማየት አንድ ነገር ነው። ሲምፕሰንን ማቋረጥ ሌላ ነገር ነው። መንገዱ ደረቅ ከሆነ፣ ጎማዋም ደህና ከሆነ፣ ራቭ ፎሯ ኮረብታው ሥር ትደርሳለች። ከዚያ መኪናዋን አቁሞ በእግር መውጣት ነው። ማቋረጡን ግን እርሳው አለ። ከ1,100 በላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ የአሸዋ ተረተሮች አሉ፤ አንዱን ወርደህ ሌላውን ትወጣለህ። ከበርድስቪል በረሃው ማዶ እስካለችው ማውንት ዴር፣ ፍሬንች ላይን በሚባለው የአሸዋ መንገድ በኩል፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አንድ ማደያ የለም። አሸዋ ላይ ደግሞ መኪና ነዳጅ የሚጠጣው እንደ አስፋልቱ አይደለም። ሎው ማርሽ (ለከባድ ዳገትና አሸዋ የሚገባ ዝቅተኛ ማርሽ) የሌለው መኪና እዚያ መግባት የለበትም ብሎ ዘጋ።

ስለ ጎማ ግን አልዘጋም። የበርድስቪል መንገድ ስተርት ስቶኒ የሚባለውን የድንጋይ በረሃ ይነካካል። ጠጠሩ ስለታም ነው፤ የከተማ ጎማን ጎኑን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ሁለት ስኮርታ ያዝ አለው። ጎሚስታ ፍለጋ 300 ኪሎ ሜትር መሄድ እንዳይመጣብህ ብሎም አከለ።

ምላሽ 3

ዱባይ ለዓመታት ቱሪስት በአሸዋ ላይ ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው፤ አሁን ፐርዝ ነው ያለው። መካኒኩ ሰው እያስፈራራ ነው አለ። አሸዋ የሚፈልገው ልብና ፍጥነት ብቻ ነው፤ ርቀት ይዘህ ተንደርድረህ ከመጣህ ራቭ ፎርም ቢሆን ቢግ ሬድን ይወጣዋል ብሎ ደረቱን ነፋ። ከዚህ ጀምሮ ክሩ ሞቀ።

ምላሽ 4

መካኒኩ ተመለሰ። ትንሽ ተቆጥቷል። ግን የክሩ ምርጥ ምላሽ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

በፍጥነት አይወጣም፤ በንፋስ ነው የሚወጣው፤ የጎማ ንፋስ ማለቱ ነው። አስፋልት ላይ 36 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው) የነበረውን ጎማ ኮረብታው ሥር ቆመህ ወደ 16 ወይም 18 ታወርደዋለህ። አሠራሩንም አንድ በአንድ አስቀመጠው። ተንበርከክ። የቫልቩን ክዳን ፍታና ኪስህ ክተት፤ መሬት ላይ ካስቀመጥከው አሸዋው ይውጠዋል። የቫልቩን እምብርት በመለኪያው ጫፍ ተጫነው። ንፋሱ ፉጨት እያሰማ ይወጣል። ሠላሳ ሰከንድ ጠብቅና ለካ፤ እንደገና ልቀቅና እንደገና ለካ። አራቱም እኩል መሆን አለባቸው። ሲያልቅ ጎማው ታች ላይ ሆዱ ይወጣል፤ መሬቱን የሚነካው ክፍል ይረዝማል። አሸዋውን አይቆፍረውም፤ ላዩ ላይ ይሄዳል። በጠንካራ ጎማ ነዳጅ ብትረግጥ ግን ጉድጓድ ነው የምትቆፍረው።

ከዚያ ክልከላዎቹ መጡ። ለስላሳ ጎማ ይዘህ መሪ በኃይል አትጠምዝዝ፤ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል። መሐል ላይ አቅም ካነሰህ አትታገል፤ በራስህ ዱካ ቀጥ ብለህ ወደ ኋላ ውረድ። ዳገት ላይ መኪናውን ማጠፍ መገልበጥ ነው። ስትጨርስም ንፋሱን ሳትሞላ ወደ ፒስታው አትመለስ፤ ስለዚህ ኮምፕረሰር የሌለው ሰው ንፋስ ለመልቀቅ እንኳ አያስብ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ። የሲምፕሰን ተረተሮች ምዕራባዊ ጎናቸው ዘንበል ያለ ነው፤ ምሥራቃዊው ግን ቀጥ ይላል። ከበርድስቪል የሚመጣ ሰው የሚገጥመው ያ ቀጥ ያለው ፊት ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በረሃውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚያቋርጠው። ጠያቂያችን ያሰበው የተገላቢጦሹን ነበር።

የዱባዩ ሹፌር ለዚህ መልስ አልሰጠም። እዚያም ቢሆን ጎማ እንደሚተነፈስ ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፤ እልህ ይዞት ነው።

ምላሽ 5 እና 6

አንዲት እህት መኪኖቹ ላይ የምታየው ረጅም ባንዲራ ለጌጥ ነው ወይስ ግዴታ ብላ ጠየቀች። የመለሰላት በረሃውን ደጋግሞ ያቋረጠ ሰው ነው። ሳውዝ አውስትራሊያ ውስጥ ባለው የሲምፕሰን ፓርክ ግዴታ ነው፤ ጫፉ ከመሬት 3.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተረተሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ የምታየው ሰማይ ብቻ ነው፤ ከወዲያ በኩል ሌላ መኪና እየወጣ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የሚታየው ባንዲራው ነው። ሬዲዮም ቻናል 10 ላይ አድርጎ ከመውጣት በፊት መናገር ነው። ለፓርኩ ፈቃድ ይከፈላል። ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ደግሞ በሙቀቱ የተነሳ ሙሉ በሙሉ ዝግ ነው።

ምላሽ 7

ነገር የሚወድ ሰው አይጠፋም። ይሄኛው ቢግ ሬድ ስንት ሜትር ነው ብሎ ጠይቆ ራሱ መለሰ፤ 40 ሜትር ገደማ። ናሚቢያ ውስጥ ቢግ ዳዲ የሚባለው 325 ሜትር ገደማ ነው፤ ይሄ ምኑ ነው ትልቅ? ለአርባ ሜትር አሸዋ ደርሶ መልስ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ነዳጅ የረከሰበት ነው ሲል አላገጠ።

ምላሽ 8

የሳይንስ መምህር ነው፤ ቀልዱን በትዕግሥት ተቀበለ። የሲምፕሰን ነገር ቁመቱ አይደለም፣ ርዝመቱ ነው አለ። አንዳንዱ ተረተር ሳይቋረጥ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሁሉም ከሰሜን ሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ደቡብ ምሥራቅ ተዘርግተዋል። በዓለም ረጅሞቹ ትይዩ የአሸዋ ተረተሮች ከሚባሉት ናቸው። ቢግ ሬድ ላይ ቆመህ ወደ ምዕራብ ስታይ ተረተር ከተረተር ኋላ፣ ዓይንህ እስኪደክም፣ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ተሰልፎ ታያለህ። ቀዩ ቀለም የብረት ዝገት ነው። እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ላይ ስስ የብረት ኦክሳይድ ልባስ አለ።

ምላሽ 9

አንዱ እነዚህ ኮረብታዎች እየሄዱ መንገድ ይቀብራሉ፣ ካርታ አትመኑ ሲል ገባ። መምህሩ ወዲያው አረመው። የሲምፕሰን ተረተር ሣርና ቁጥቋጦ የያዘው ነው፤ ገላው ከቦታው አይነቃነቅም። ንፋስ የሚያንቀሳቅሰው አናቱን ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ ያለው የመኪና ዱካ ሊጠፋ ይችላል፤ ኮረብታው ግን ነገም እዚያው ነው።

ምላሽ 10፣ 11፣ 12

ታሪክ የሚወድ ወጣት በረሃውን መጀመሪያ ያቋረጠው ማዲጋን ነው ብሎ ጻፈ። ሴሲል ማዲጋን በፈረንጆቹ 1929 ከአውሮፕላን ላይ ያየው፣ በ1939 ደግሞ በግመል ያቋረጠው ጂኦሎጂስት ነው። ቀጣዩ ምላሽ አስተካከለው። ከማዲጋን ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1936፣ ቴድ ኮልሰን የሚባል ከብት አርቢ ፒተር ኤይንስ ከተባለ አቦርጂናዊ (የአገሩ ቀደምት ተወላጅ) ጋር በግመል አቋርጦት ተመልሷል።

ከዚያ አንድ አዛውንት ገቡ። ሁለቱንም በአንድ ምላሽ አስቀመጧቸው። ዋንካንጉሩ የሚባሉት ሕዝቦች በዚያ በረሃ ውስጥ ሲኖሩ ነበር፤ መሻገር ብቻ አይደለም፣ እዚያው ወልደው ከብደው። በተረተሮቹ መሐል ሚኪሪ የሚባሉ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ነበሯቸው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ ነው የሚኖሩት። ለቀው የወጡት በ1900 አካባቢ ነው። ታዲያ ማን ነው መጀመሪያ ያቋረጠው? አሉ።

ወጣቱ ሲመልስላቸው አንተ እያለ ጻፈላቸው። ጉድ ፈላ። ስለ በረሃው አንድም ቃል የሌላቸው አራት ምላሾች ስለ አንተና እርስዎ ተከታተሉ። አንዱ አውስትራሊያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው ተዉት አለ። ሌላዋ እናቱ እንደዚህ አላሳደገችውም ብላ ወቀሰች። ልጁ በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቀ፤ አዛውንቱም ምንም አልነበረም ልጄ ብለው አለፉ። እነዚያን አራት ምላሾች ከቁጥር አላስገባሁም።

ምላሽ 13

አጭር ነበረች። ሲምፕሰን ማን ነው? ማዲጋን በረሃውን የሰየመው በአልፍሬድ አለን ሲምፕሰን ነው፤ የደቡብ አውስትራሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት። የቤተሰቡ ፋብሪካ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በመሥራት ይታወቅ ነበር። ላውንድሪዬ ውስጥ በረሃ አለ ለካ ብላ የጻፈችው ሴት ብዙ ሳቅ አገኘች።

ምላሽ 14

አፋር ተወልዳ ያደገች እህት ናት። እስካሁን ዝም ብላ ስታነብ ነበር ይመስለኛል፤ ስትገባ ግን በደንብ ገባች። ደናክልን ያፈራ ሕዝብ የሚባለው ማን ነው? ጠያቂው ከጎንደር ነው፤ ደጋ ተወልዶ ደጋ ያደገ። ዳሎልን በዶክመንተሪ ነው የሚያውቀው። በሰው አገር ሙቀት አይፎከርም አለችው። ቀጥላም ነገሩ ራሱ አይመሳሰልም አለች። ደናክል በአብዛኛው ጨውና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የአውስትራሊያ ዝቅተኛው ቦታ ካቲ ታንዳ፣ ማለትም ኤር ሐይቅ፣ 15 ሜትር ገደማ ብቻ። የአሞሌ ነጋዴ ከግመሉ ጋር ያንን መሬት የሚሻገረው ስለማይፈራ አይደለም፤ ሰዓቱን፣ ውኃውን፣ መንገዱን ስለሚያውቅ ነው። ፈሪ ነው በረሃ የሚሻገረው አለች። በልቤ አጨበጨብኩ።

ጠያቂው ቀልዴን ነው ብሎ አንድ መስመር መለሰ። ማንም አልተቀበለውም።

ምላሽ 15

እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። የጻፈው በሱዳንና በሊቢያ ያለፈ ሰው ነው። እኔ አሸዋ ለማየት ገንዘብ አልከፍልም ብሎ ጀመረ። ፒክአፕ ላይ እንደ እንጨት ተደርድረው፣ እንዳይወድቁ በተሰካ ዱላ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው እንደሄዱ ጻፈ። ውኃው ቶሎ እንዳያልቅ ሲሉ ደላሎቹ ጀሪካን ውስጥ ቤንዚን ጠብ ያደርጉበት ነበር። የወደቀ ሰው ካለ ሹፌሩ አይቆምም። የልጁ ትምህርት ቤት ልጆቹን ወደ አሸዋ ኮረብታ ሊወስድ ነው ሲሉት ፈቃዱ ላይ ሳይፈርም ሁለት ቀን ቤት እንደቆየም ተናገረ። ማንንም አልወቀሰም። ሂዱ፣ ግን ለሁሉም ሰው ሽርሽር አይደለም፤ ይሄን ብቻ እወቁልኝ አለ።

ምላሽ 16

ሰረዝኩት። ፈገግ ያለ ፊት ያለበት ቀልድ ነበር። የጻፈው ሰው ለምን እንደተሰረዘ ጠየቀኝ፤ በግል መለስኩለት።

ምላሽ 17 እና 18

ነርሷ ተመልሳ ለሊቢያው ወንድም ጥቂት ቃል ጻፈችለት፤ ምክር አልሰጠችውም፣ ደግ አደረገች። ከእሷ ቀጥሎ ያንኑ የሊቢያ መንገድ ያለፈ ሌላ ሰው መጣ። ባለፈው ዓመት ልጆቹ ስለወተወቱት ቢግ ሬድ ድረስ ሄዷል። ሥሩ ሲደርስ እግሩ አልታዘዝ ብሎት መኪና ውስጥ ቆየ። ከዚያ የነዳጁን መለኪያ አየ፤ ሙሉ ነው። ውኃውን አየ፤ ከኋላ ተደርድሯል። ቁልፉ የእሱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ልሂድ ሲል ይሄዳል። ወርዶ ወጣ። ይህን ጽፎ ሌላ ነገር አልጨመረም።

ምላሽ 19፣ 20፣ 21

ስንቅ። የመድረካችን ሰው ከሁሉ ነገር በላይ የሚያውቀው ይህን ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። ድርቆሽና ቋንጣ የያዘ ሰው በጋዝ ምድጃ በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ይበላል፤ ፍሪጅ አያስፈልገውም። ለእማማ ጭኮ ይሁን ያለች አለች።

ግን አንዱ ሁሉንም ያስደነገጠ ነገር ተናገረ። ከቪክቶሪያ ወደ ሳውዝ አውስትራሊያ ፍራፍሬና አትክልት ይዞ መግባት በፍራፍሬ ዝንብ ምክንያት ክልክል ነው። ሙዙ፣ ብርቱካኑ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው ሳይቀር ድንበር ላይ ይጣላል፤ ደብቆ የተገኘም ይቀጣል። ቃሪያ የሌለበት ጉዞ ምን ጉዞ ነው ተብሎ ተለቀሰ። አደላይድ ገብቶ መግዛት ነው መልሱ።

ጀበና ይዘን ኮረብታው አናት ላይ ቡና ብናፈላስ የሚል ሐሳብም መጣ። ያደረገችው ሴት መለሰች። አናቱ ላይ ንፋስ አለ፤ ሲኒው ውስጥ የሚገባው አሸዋ ከስኳሩ ይበልጣል። ሥሩ ካለው ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ መኪናውን የንፋስ መከለያ አድርጎ ይፈላ። ዝንቡን ደግሞ አትርሱ፤ ፊት ላይ የሚጠለቅ መረብ ከከተማ ሳይወጡ ይገዛ አለች።

ምላሽ 22

ዝምተኛ ሰው ነው፤ ግን በርድስቪል መንገድ ላይ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በ1963 በገና ሰሞን አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ በዚያ መንገድ ላይ ነዳጅ አለቀባቸው። መኪናቸውን ትተው ወጡ። አምስቱም ሞቱ። ስለዚህ ምንም ቢመጣ ከመኪናው አትራቅ አለ። መኪና ከሰማይ ይታያል፤ ሰው አይታይም። ጥላ አለው፤ ውኃህም እዚያ ነው ያለው።

ምላሽ 23 እና 24

የናሚቢያው ሰውዬ ተመልሶ የስልሳ ዓመት ታሪክ እያነሳችሁ ቤተሰብ አታስፈራሩ አለ። ያ ዲሴምበር ነው፣ ይሄ ጁላይ ነው፤ በጁላይ በርድስቪል ቀኑ 20 ዲግሪ ገደማ ነው አለ። እውነቱን ነው። ሌሊቱ ከ10 በታች ስለሚወርድ ብርድ ልብስ እንጂ በረዶ አያስፈልግም። የከባድ መኪናው ሹፌር ግን አልተበገረም። ብርድ ውኃ አይሆንም ብሎ መለሰ። በቀን ለአንድ ሰው ቢያንስ አምስት ሊትር፣ ከዚያ ላይ መጠባበቂያ፤ የስልክ ኔትወርክ ከከተማ ወጣ ሲሉ ይጠፋል፤ የሳተላይት ስልክ ወይም የአደጋ ጊዜ ምልክት መስጫ ይከራያል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለውን ተረት እስከ መጨረሻው ጻፈለት። እኔ ከሹፌሩ ጋር ነኝ። ኮረብታውን አይቶ ለሚመለስ ሰው እንኳ ያ 517 ኪሎ ሜትር ፒስታ አለ።

ምላሽ 25

መኪና ልከራይ ላሉት። ብዙ የኪራይ ውል ፒስታ ላይ መንዳትን ይከለክላል፤ ኢንሹራንሱ አይሠራም። እኔም አንድ ጊዜ ኪራይ ቢሮው ውስጥ ያለው ልጅ ችግር የለም ብሎኝ፣ የተሰነጠቀ መስታወት ስመልስ ውሉን አውጥተው አሳዩኝ። በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ልጁ በዚያ ቀን እረፍት ላይ ነበር። የአፍ ችግር የለም አይሠራም፤ በጽሑፍ ይሁን።

ምላሽ 26 እና 27

አንዲት እናት ልጆቿ ትንንሽ ስለሆኑ አጭር መንገድ ጠየቀች። ሚልዱራ ሂጂ ተባለች፤ ከሜልበርን ወደ 550 ኪሎ ሜትር፣ ሁሉም አስፋልት። ከእሷ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ዌንትዎርዝ አለች፤ ከተማዋን አለፍ ሲሉ ፔሪ ሳንድሂልስ የሚባሉ ቀያይ አሸዋዎች አሉ። ልጆች ጣውላ ላይ ተቀምጠው ይንሸራተቱበታል። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው፤ ለሦስት ቀን እረፍት ከበቂ በላይ ነው።

ከሚልዱራ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ሙንጎ ሐይቅ አለ፤ ውኃው ከደረቀ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። እሱን ያነሳው መምህሩ ነው፤ ማስጠንቀቂያም አብሮ ሰጠ። በ1974 የተገኘው፣ ሙንጎ ማን የሚባለው የሰው አጽም 42,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ በአሸዋው ውስጥ የተቀበሩ ሰዎች ያሉበት መሬት ነው። ወደ አሸዋው ግድግዳ ከመመልከቻው አልፎ የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ይዘጋል። አንዱ ገንዘብ ከፍለን መጥተን ለምን አንወጣም ብሎ ሲያጉረመርም፣ ኡሉሩም (የአቦርጂናውያን ቅዱስ የሆነው ትልቅ ዓለት) ከኦክቶበር 2019 ጀምሮ መውጣት ተከልክሏል፤ የሰው መቃብር ላይ ጫማህን አድርገህ ትወጣለህ ወይ ብላ የአፋሯ እህት ዘጋችው።

ምላሽ 28

ግመል። እንዴት እንደገባ አላውቅም። ማሪ ላይ የምታዩት ትንሽ መስጊድ ከአፍጋኒስታንና ከአካባቢው የመጡ የግመል ነጂዎች መታሰቢያ ነው። የጭነት መኪና ሲመጣ ግመሎቹ ወደ በረሃው ተለቀቁ፤ ዛሬ ያለ ባለቤት የሚሄደው የግመል መንጋ የእነሱ ዘር ነው። ባለቤት የሌለው ግመል አለ መባሉን ያላመኑ ሁለት ሰዎች ዋጋውን ጠየቁ።

ምላሽ 29

ጠያቂው ተመለሰ። ማቋረጡን ትቶታል። በርድስቪል ድረስ ግን ይሄዳል፤ ሌሎች ሁለት ቤተሰቦችም አብረን እንሂድ ብለውታል፤ አንደኛው ፕራዶ አለው። እናቱን ጠይቋቸው ነበር። ጎንደር ላይ ዳገት ስወጣ የኖርኩ ሰው አርባ ሜትር ትከብደኛለች ወይ ብለውታል። በመሸ ጊዜ ቀስ ብለው ይውጡ ስትል ነርሷ መከረች፤ ጫማ ይውለቅ፣ አሸዋው ማምሻውን አያቃጥልም።

ምላሽ 30

መካኒኩ ከመሄዳቸው በፊት የመንገዱን ሁኔታ በየቀኑ እንዲያዩ አሳሰበ። በ2025 ማርችና ኤፕሪል ላይ በምዕራብ ኩዊንስላንድ የወረደው ጎርፍ መንገዶቹን ለሳምንታት ዘግቶ ነበር። ውኃው የሚመጣው እዚያው ከዘነበው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከሩቅ ሰሜን የዘነበው በወንዞቹ አድርጎ ቀስ እያለ ይደርሳል። ሰማዩ ጠርቶ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው። ዝግ ነው የተባለ መንገድ ላይ የተገኘ ይቀጣል።

ምላሽ 31

ፕራዶ ያለው ሰው ሦስታችን አንድ ኮምፕረሰር ይበቃናል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይበቃል፤ ግን በፕራዶው ውስጥ ካለና ፕራዶው ኮረብታውን አልፎ ወዲያ ማዶ ከቀረ ሁለቱ መኪኖች ባተነፈሱት ጎማ ነው የሚመለሱት ተባለ። ሁለት እንዲገዙ ተስማሙ። ማን ይክፈል የሚለው ላይ ገና እየተከራከሩ ነው፤ እሱን በግል መልእክት ጨርሱ ብያቸዋለሁ።